ያላደረግሁት ነገር እንደ አደረግሁት ይቆጠርብኛል ወይ?

ጥያቄ፦

«ዕድሜዬ 29 ነው። በአዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ፤ ያደግሁትም በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን አልቆረብሁም። ምክንያቱ ሐሳቤ ነው። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለሁ ልጽፈው የማልደፍረው ስድብ በአእምሮዬ ይመጣብኛል። ባለፈው ዓመት እኅቴ የወለደቻትን ሕፃን አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ታቅፌ ሳለሁ ‹ብወረውራትስ› የሚል ሐሳብ ድንገት መጣብኝ። ልጅቷን ለእናቷ ሰጥቼ እየተንቀጠቀጥሁ ወጣሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኅቴ ቤት ሄጄ አላውቅም። በመሥሪያ ቤታችን ያለች አንዲት ባለትዳር ሴትም በሐሳቤ ትመላለሳለች፤ ማታ ማታ ፎቶዎቿን በስልኬ እየፈለግሁ አያለሁ። ጌታ ‹በልቡ አመንዝሮአል› ካለ እኔ አመንዝራ ነኝ ማለት ነው። ወደ ንስሐ አባቴ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እየሄድሁ ያንኑ እናዘዛለሁ፤ ገና ከግቢው ሳልወጣ ሐሳቡ ይመለሳል። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ምክንያት ከተጣላን ወዲህ አንነጋገርም፤ ሲዋረድ እያሰብሁ የምተኛበት ሌሊትም አለ፤ በዳዩ እሱ ስለሆነ ግን ይህ ብዙም አያስጨንቀኝም። አንድ ጓደኛዬ ‹ማሰብና ማድረግ እኩል ከሆኑ ለምን ትታቀባለህ? ሐሳብን የሚከስ ሃይማኖት ከአእምሮ ጋር አይስማማም› አለኝ፤ የምመልስለት አጣሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

የተከበሩ ወንድሜ፥

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎች ወደ ቁርባን ሲቀርቡ እያዩ ወደ ኋላ መቅረት ምን ያህል እንደሚከብድ ስለሚገባኝ በቀጥታ ወደ ነገሩ እገባለሁ። በደብዳቤዎ ውስጥ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነገሮች «ሐሳቤ» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልለዋል። በቅዳሴ ጊዜ የሚመጣብዎ ስድብና በረንዳው ላይ የመጣብዎ አስደንጋጭ ሐሳብ አንድ ወገን ናቸው፤ የመሥሪያ ቤትዎ ሴት ጉዳይ ሌላ ነው፤ የወንድምዎ ጉዳይ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ጓደኛዎ ያነሡት ክርክር ጉልበት ያገኘው እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው ተብሎ ስለታሰበ ነው፤ እርስዎም የተጨነቁት በዚያው ምክንያት ነው።

ከሕፃኗ ልጀምር። ያን ዕለት የሆነውን እርስዎ ራስዎ በጻፉት ላይ ተመሥርተን እንመልከተው። ሐሳቡን አልጠሩትም፤ በመጣ ጊዜ ደነገጡ፤ ልጅቷን ለእናቷ አስረከቡ፤ እየተንቀጠቀጡም ወጡ። እንግዲህ በዚያች ቅጽበት ፈቃድዎ ከማን ጋር ነበረ? ከሕፃኗ ጋር ነበረ። ሰው የሚወደውን ሲይዝ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲቆም ወይም የተቀደሰ ነገር ፊት ሲሆን አእምሮው ሊሆን የሚችለውን የመጨረሻውን ክፉ ነገር ብልጭ ያደርግበታል። እኔም ወደ ጎጃም ስጓዝ ዐባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቆሜ «ብዘልስ» የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ያውቃል፤ መሞት ፈልጌ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 በታተመ አንድ ጥናት በ13 አገሮች የሚገኙ 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠይቀው 93.6 ከመቶ የሚሆኑት ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ ያልፈለጉት ሐሳብ እንደመጣባቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ከሌላው ሰው የሚለየዎ የሐሳቡ መምጣት ሳይሆን ለሐሳቡ የሰጡት ትርጉም ነው። ሌላው ሰው «ምን ዓይነት ከንቱ ሐሳብ ነው» ብሎ ሲያልፈው እርስዎ «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ» ብለው ተቀመጡበት።

በተቀመጡበትም መጠን በረታ። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1987 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲደውሉ ጠየቋቸው። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ፤ ከዚያም እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች ይልቅ አብዝተው አሰቡት። ሐሳብን በጉልበት ማባረር ሐሳቡን ይጠራዋል። የግብፅ በረሃ አባቶች ይህን ያለ ሙከራ ክፍል ያውቁት ነበር። አንድ ወንድም ወደ አባ ጴሜን መጥቶ «ሐሳብ በዝቶብኝ ልጠፋ ነው» ቢላቸው ወደ ደጅ አውጥተው «ደረትህን ክፈትና ነፋሱ እንዳይገባ ከልክለው» አሉት። «አልችልም» አለ። «ይህን ካልቻልህ ሐሳብም እንዳይመጣ መከልከል አትችልም፤ የአንተ ፋንታ መቃወም ነው» አሉት። እማ ሳራ የተባሉት እናት ደግሞ 13 ዓመት ሙሉ በዝሙት ጦር ሲፈተኑ ጦርነቱ እንዲቆምላቸው አንድም ቀን አልለመኑም፤ የለመኑት ኃይልን ብቻ ነበር። እነዚህን ሰዎች «ሐሳብ ስለመጣባችሁ ረክሳችኋል» ያላቸው የለም።

በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ስለሆኑ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚያነሡብኝ አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ኃጢአትን የኀልዮ፣ የነቢብና የገቢር ብላ ትከፍላለች፤ ነቢብ ንግግር፣ ገቢር ድርጊት ነው፤ ኀልዮም ሐሳብ ነው፤ ታዲያ ሐሳብ ኃጢአት አይደለም እንዴት ይባላል? እኔም ሐሳብ ኃጢአት ሊሆን አይችልም አላልሁም። ኀለየ የሚለው የግእዝ ግሥ ሐሳብ ድንገት ሲያልፍ ማየትን ብቻ ሳይሆን ማሰላሰልን፣ ማውጠንጠንን፣ በልብ መዶለትን ይይዛል፤ ዱለት ደግሞ የሚዶልት ይፈልጋል። ያዕቆብ ሐዋርያ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 15 ላይ «ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን ትወልዳለች» ሲል ያስቀመጠው ምሳሌ ለዚህ ነው፤ በመፅነስና በመውለድ መካከል ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም ፈቃድ የሚባል ነገር ይሠራል። በ7ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በሚገኘው በደብረ ሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማኮስ ይህን መንገድ ደረጃ በደረጃ ሲተነትን የሐሳብን መጀመሪያ መምጣት ያለ በደል ይቆጥረዋል፤ ከሐሳቡ ጋር ጨዋታ መያዝን ሁልጊዜ ንጹሕ አይለውም፤ በደስታ መስማማትን ግን እንደ ተጋዳዩ ሁኔታ የሚፈረድበት ያደርገዋል። ከእርሱ በፊትም በሰሜን አፍሪካ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ መነሣሣትን፣ ደስ መሰኘትንና መፍቀድን ለይቶ ኃጢአት የሚፈጸመው በፈቃድ ነው ብሎ አስተምሯል።

ይኸው አውግስጢኖስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ410 ጎጦች የተባሉ ወራሪዎች ሮምን በዘረፉ ጊዜ ስለተደፈሩት ክርስቲያን ሴቶች የጻፈውን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። በዚያ ዘመን እነዚህን ሴቶች እንደ ረከሱ የሚያይ ሰው ነበረ። እርሱ ግን ንጽሕና የልብ እንጂ የሥጋ ብቻ አይደለም፤ ፈቃዷ ያልነበረበት ሴት በሌላ ሰው ኃጢአት አትረክስም አለ። ይህን ነገር ወደ ራስዎ ያምጡት። በሥጋ ላይ ያለ ፈቃድ የሆነ ነገር በደለኛ ካላደረገ፣ በአእምሮ ላይ ያለ ፈቃድ የሆነ ነገር በደለኛ የሚያደርገው በምን ፍርድ ነው? ቅዱስ አትናቴዎስም ለመነኩሴው አሞን በጻፈው ደብዳቤ ያለ ፈቃድ በሚሆን የሥጋ ፈሳሽ ምክንያት የሚጨነቁትን መነኮሳት ሲያጽናና፣ ጠላት በንጽሕና ስም ከንቱ ጭንቀት እየዘራ ከሚጠቅማቸው ሥራ እንደሚያዘናጋቸው ይገልጻል። የሁለት ዓመትዎን ነገር ሳስብ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

አሁን ወደዚያች ቃል እንምጣ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 28 ላይ «ወደ ሴት ያየ ሁሉ የተመኛትም ያን ጊዜ በልቡ ከእርስዋ ጋር አመንዝሮአል» ተብሎ ተጽፏል። በአማርኛው ማየትና መመኘት ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ግሦች ናቸው። በግሪኩ ግን አረፍተ ነገሩ የዓላማ መልክ አለው፤ «ይመኛት ዘንድ የሚያያት» እንደ ማለት ነው። ያው አገባብ ጥቂት ዝቅ ብሎ በምዕራፍ 6 ቁጥር 1 ላይ ይገኛል፤ እዚያ ተርጓሚዎቻችን «ለሰዎች ትታዩ ብላችሁ ምጽዋታችሁን በፊታቸው እንዳታደርጉ» ብለው ዓላማውን በግልጽ አውጥተውታል። ምጽዋት ሲሰጥ ሰው ድንገት ያየው ሰው በዚያ አይወቀስም፤ የሚወቀሰው ይታይ ብሎ የሰጠው ነው። እንዲሁም ዓይኑ ያረፈበትና ልቡ የደነገጠበት ሰው ሳይሆን፣ ይመኝ ብሎ ዓይኑን የላከው ሰው ነው በዚህ ቃል የተያዘው።

እንዲህ ስል ከነገሩ ሁሉ ነጻ ላወጣዎ አይደለም። ያቺ ሴት በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ስታልፍ ልብዎ መደንገጡ ፈተና ነው። ማታ ስልክዎን አንሥተው ፎቶዎቿን የሚፈልጉት ግን ይመኙ ብለው ነው፤ እዚያ ላይ ጣትዎም ጊዜዎም ምርጫዎም አለበት። ስለዚህ ንስሐ የሚገቡበት ጉዳይ በስልክዎ ላይ ያለው ነው፤ ሌላውን ለእግዚአብሔር ይተዉለት። ገጿን ከስልክዎ ላይ ማጥፋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን መልስ አንብበው ሳይጨርሱ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል።

ጓደኛዎ «እኩል ከሆኑ ለምን ትታቀባለህ» ያሉት ክርክር ብልህ ይመስላል፤ ነገር ግን ጌታ ያላለውን አስብሎታል። «በልቡ አመንዝሮአል» አለ እንጂ «ከማድረግ ጋር እኩል ነው» አላለም። በጲላጦስ ፊት ቆሞም «አሳልፎ የሰጠኝ ኃጢአቱ የባሰ ነው» ብሏል፤ የባሰ ካለ ያልባሰም አለ። ደግሞም ሐሳብ የማይጨምረውን ድርጊት ይጨምራል፤ ሌላ ሰው ይጎዳል። በልቡ የተመኘ ሰው ቢጸጸት የሚታረቀው ከፈጣሪው ጋር ነው። ያደረገው ግን የሚያለቅስ ባል፣ የሚበተን ቤት፣ የሚጠይቅ ልጅ ያገኘዋል፤ እነዚህንም በጸሎት ብቻ መመለስ አይችልም። ዘኬዎስ ንስሐ በገባ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ከሐሳብ ወደ ድርጊት ያልተሻገረ ሰው ታላቅ ነገር አትርፏል፤ ባልንጀራውን አትርፏል።

ሐሳብን መመርመር ከአእምሮ ጋር አይስማማም የሚለውን ደግሞ እንየው። ፍርድ ቤት ሐሳብን ብቻውን አይቀጣም፤ ትክክልም ነው፤ ዳኛ ልብ አያይም፤ አያለሁ ያለ ዳኛ ሕዝቡን ባስጨነቀ ነበር። ግን ያው ዳኛ ሰው ሞቶ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚመረምረው ገዳዩ አስቦበት እንደሆነ ወይም እጁን ስቶት እንደሆነ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 እንጨት ሲቆርጥ ምሣሩ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበትን ሰው ወደ መማፀኛ ከተማ ይሸሽ ሲል ጠልቶ ያደባውን ግን ለይቶ ያስቀምጠዋል። ሟቹ በሁለቱም ሞቷል፤ ልዩነቱ ያለው በልብ ውስጥ ነው። እኛም በየቀኑ እንዲህ እንፈርዳለን፤ ስጦታ የሰጠን ሰው ለጥቅሙ ብሎ እንደሰጠን ስናውቅ ያው ስጦታ በእጃችን ላይ ይቀዘቅዛል። ልብን መመርመር የአእምሮ ጠላት ቢሆን ይህን ሁሉ ባላወቅን ነበር። አእምሮ የሚቃወመው ሰውን ባልፈቀደው ነገር መክሰስን ነው፤ እምነታችንም ይህን አያደርግም።

ወንድሜ፥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን በአንድ መስመር ጠቅሰው ያለፉት ነገር ነው። ወንድምዎ ሲዋረድ እያሰቡ የሚተኙበት ሌሊት እንዳለ ጽፈው «ብዙም አያስጨንቀኝም» ብለዋል። የበረንዳው ሐሳብ ሳይጠሩት መጣ፤ ይህን ግን እርስዎ ይጠሩታል፤ ያ አስደነገጠዎ፤ ይህ እንቅልፍ ያስወስደዎታል። ጌታ በተራራው ስብከት ስለ ምኞት ከመናገሩ በፊት በመጀመሪያ የተናገረው ስለ ምን እንደሆነ መለስ ብለው ያንብቡ። በወንድም ላይ ስለመቆጣት ነው። ቀጥሎም እንዲህ ይላል፤ «መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፥ በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ»። ያለው «አንተ በእርሱ ላይ አንዳች እንዳለህ ብታስብ» አይደለም፤ «ወንድምህ በአንተ ላይ እንዳለው» ነው። እርስዎ «በዳዩ እሱ ነው» ብለው የዘጉትን በር ይህ ቃል ከሌላው ወገን ይከፍተዋል፤ ወንድምዎስ በእርስዎ ላይ የሚለው ምንድን ነው? ጠይቀውት ያውቃሉ?

ቃየን መሥዋዕቱ ሳይወደድለት ቀርቶ ፊቱ በጠቆረ ጊዜ፣ ገና እጁን በአቤል ላይ ሳያነሣ፣ እግዚአብሔር «ኃጢአት በደጅ ታደባለች፤ ፈቃድዋም ወደ አንተ ነው፥ አንተ ግን በእርስዋ ንገሥባት» አለው። በዚያች ሰዓት ቃየን የሚነግሥበት ጊዜ ነበረው። እርስዎም አለዎት፤ ወንድምዎን እንደሚገድሉ ፈርቼ ሳይሆን ሌሊቱን የሚያሳድሩት ነገር እያደገ መሆኑን አይቼ ነው ይህን የምለው። መታረቅ ማለት የውርስ ድርሻዎን መተው ማለትም አይደለም። ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሽማግሌዎች ልከው ቤቱ በሕግ መሠረት እንዲከፈል መጠየቅ፣ ካልሆነም በፍርድ ቤት መጨረስ ይቻላል፤ ሰው ከወንድሙ ጋር ተካስሶ ሳይጠላው ሊኖር ይችላል፤ ከባድ ቢሆንም ያደረጉት ሰዎች አይቻለሁ።

ስለ ኑዛዜው አንድ ነገር ልበል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ያንኑ ሐሳብ መናዘዝ ለጊዜው ያቀልልዎታል፤ ቅለቱ ግን ፍርሃቱን ይመግበዋል፤ «ካልተናዘዝሁ አልድንም» የሚለውን ያጠነክራልና። ይህ ሕመም አዲስ አይደለም። በኋላ የኢየሱሳውያንን ማኅበር የመሠረተው ስፔናዊው ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1522 ማንሬሳ በተባለች ከተማ ሳለ የተናዘዘውን ኃጢአት ደጋግሞ እየተናዘዘ ወደ ጉድጓድ ራሱን ሊወረውር እስኪፈተን ድረስ ተሠቃይቶ ነበር፤ የዳነው ያለፈውን መልሶ መናዘዝን በተወ ጊዜ ነው። እርስዎም ወደ ንስሐ አባትዎ ይህን ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። ነገሩን በሙሉ አንድ ጊዜ ያስረዷቸው፤ ከዚያ ያልፈቀዱትን ሐሳብ ዳግመኛ እንዳይናዘዙ በቀኖና መልክ እንዲያዝዙዎ ይጠይቋቸው። ወደ ቁርባን የሚመለሱበትን ቀን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ በዚህ ዓምድ ልወስን አልችልም፤ የወንድምዎን ጉዳይ ግን ሳይደብቁ ይንገሯቸው።

ሐሳቡ በቀን ብዙ ሰዓት የሚወስድብዎ ከሆነ፣ ሥራዎንና እንቅልፍዎን ከነጠቀዎት፣ ባለሙያዎች ኦሲዲ የሚሉት፣ ያልፈለጉት ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበትና ጭንቀቱን ለማርገብ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም ያማክሩ። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። ሕመሙ መድኃኒት አለው፤ በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን የሚፈሩትን ነገር ሳይሸሹ ቀስ በቀስ በመለማመድ ይታከማል። ጸበል እየጠጡ ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም። በሐኪሙ ፊትም የበረንዳውን ታሪክ ሳያፍሩ ይናገሩ፤ እመኑኝ፣ ከእርስዎ በፊት ከብዙ እናቶች አፍ ሰምቶታል።

የእኅትዎ ልጅ እስካሁን ቆማ መሄድ ሳትጀምር አልቀረችም፤ አጎቷንም አታውቀውም። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኅትዎ ቤት ይሂዱና ለምን እንደጠፉ ይንገሯት፤ ከዚያ ልጅቷን ይታቀፏት። ሐሳቡ ሊመጣ ይችላል። ይምጣ፤ ልጅቷን ግን አያውርዷት።